ወንድሟ ነኝ ያለው ሰው

እሑድ፣ ጥቅምት 9። ከጠዋቱ 4 ሰዓት

ጓንቶቼን አጥቤ አሰጣሁ። ጥቁሩ ዛሬም ቀለም ለቀቀ። ጉልበቴ ያመኛል። አራት ሰዓት ተኩል ሙሉ ሲሚንቶ ላይ ተገትሮ የሴት ቦርሳ መፈተሽ! ወንበር ስጡኝ ካልሁ ዓመት አለፈኝ። ሥ/አስኪያጁ ፈታሽ ከተቀመጠች ታንቀላፋለች ይላል። እሱ ቢሮው ውስጥ እግሩን ጠረጴዛ ላይ ሰቅሎ ሲያንኮራፋ የማይሰማ መስሎታል።

የትናንቱን ልንገርሽ፣ ደብተሬ። ከሴቶቹ ያወጣሁት፦ ምላጭ 2፣ የሽቶ ጠርሙስ 7፣ በውሃ ፕላስቲክ የተደበቀ አረቄ 3፣ የተቀቀለ እንቁላል 1። እንቁላሉን ለባለቤቱ መለስሁላት፣ ሳቄ መጣ። የሰዓት ገደቡ ከመጣ ወዲህ የቀን ጭፈራ ቤት ሆነናል። ከሐሙስ እስከ እሑድ፣ ከ9 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ተኩል። ባጃጅ 2 ሰዓት ላይ ስለሚቆም፣ 1 ተኩል ሲሆን መብራቱ ቦግ፣ ሙዚቃው ጭጭ። ከዚያ ያ ሁሉ ሰው በአንድ በር እኔ ላይ ይጎርፋል። ጫማ ይጠፋል። ስልክ ይጠፋል። ጓደኛ ጓደኛውን ይጥላል።

ትናንትም ጥለዋት ሄዱ። አረንጓዴ ቀሚስ የለበሰች፣ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ሲገቡ ሦስት ነበሩ፣ ፈትሼያቸዋለሁ። ሁለቱ ቀድመው ከወንዶች ጋር ወጡ። እሷ እኔ እግር ሥር ደረጃው ላይ ተቀምጣ ቀረች። አንድ እግሯ ባዶ። አፏ አይታዘዝላትም። ደሜ ፈላ! አብራችሁ መጥታችሁ አብራችሁ መሄድ ምን ይከብዳል? ቁጢጥ ብዬ ጫማዋን ፈልጌ አደረግሁላት።

ደግነቱ ወንድሟ ደረሰ። ሠላሳ አካባቢ፣ ቡናማ ጃኬት፣ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለው። እየጮኸ መጣ። እናታችን አልጋ ላይ ወድቃ አንቺ እዚህ ትጨፍሪያለሽ ብሎ በጥፊ አላት። ጋሽ ደሴ፣ የወንዶቹ ፈታሽ፣ ገለል ብለው አሳለፉት። ልጅቷ እጅጌዬን ይዛ አልለቅ አለች። ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈለቀቅሁ። የደንብ ልብሴ ቁልፍ ተበጠሰ። ሂጂ፣ እናትሽ እየጠበቀችሽ ነው አልኋት። ባጃጅ አስገባት። እግዜር ይስጥልኝ እታለም አለኝ።

ቁልፉን አሁን ሰፋሁት። ተቆጣም መታም፣ መጥቶ የሚወስድ ወንድም ያላት ልጅ ዕድለኛ ናት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10። ማታ

ወንድም የላትም።

ጋሽ ደሴ ደወሉልኝ። ፖሊስ ቤታቸው ድረስ መጥቶ ጠይቋቸዋል። ልጅቷ ሆ/ል ናት። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ሰባታሚት በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከሚሄድ ባጃጅ እየጮኸች ዘላ ወድቃለች። እግሯ ከጉልበቷ በታች ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ባለባጃጁ ሲያቆም ሰውየው ወርዶ በጨለማው ሮጠ። አራት እህቶች ናቸው እንጂ ወንድም የሚባል የላቸውም። እናትየዋም ደህና ናት፣ አልጋ ላይ የወደቀች እናት የለችም።

ጽፌ አቆማለሁ። ተነሥቼ እዞራለሁ። እንደገና እቀመጣለሁ።

ትናንት ዕድለኛ ናት ብዬ የጻፍሁትን ገጽ ልቀድደው ነበር። አልቀድደውም። ይኑር። እያየሁት ልናደድ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11። ከቀኑ 10 ሰዓት

ስብሰባ ተጠራን። አሥራ አንድ ሠራተኛ፣ ባዶ የጭፈራ አዳራሽ፣ የከትናንት ወዲያ ቢራ ሽታ። ሥ/አስኪያጁ ነጠላ ዜማ አለው፣ የቤታችን ስም፣ የቤታችን ስም። ከበር ውጪ የሆነ ነገር አይመለከተንም አለ። ካሜራው የት አለ ብዬ ጠየቅሁ። ለካ ካሜራው ገመድ እንኳ የለውም! ለማስፈራሪያ የተሰቀለ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሱ ሥር ስቆም ሻሼን አስተካክል ነበር።

ከአስተናጋጆቹ አንዱ፣ ድሮስ ቤቷ አርፋ ብትቀመጥ ኖሮ አለ። ሁለቱ ሳቁ። እኔ ደግሞ አፌን አልሰበሰብሁም። አንተ እዚህ የምትበላው ቤቷ አርፋ ያልተቀመጠች ሴት ከፍላ ነው አልሁት። ሥ/አስኪያጁ ዝናሽ አደብ ግዢ አለኝ።

አደብ! ደብተሬ፣ አደብ እኮ ነው የገደለን። ያን ቀን በሩ ላይ ከሃምሳ ሰው በላይ ነበር። ሲመታት ሁላችንም አየን። አንድ ሰው ምን አደረገችህ አላለም። እሰይ ያሉም ነበሩ። ሰውየው አቅፎ፣ አባብሎ፣ የኔ ቆንጆ ነይ ብሎ ቢመጣ ኖሮ እኔ ራሴ አንገቱን አንቄ መታወቂያ አምጣ እለው ነበር። ይኼ የኛ ብልሃት ነው፣ የሚያባብል ወንድ ያስጠረጥራል። የሚቆጣ ወንድ ግን ዘመድ ነው። መምታቱን እንደ መታወቂያ ወረቀት ተቀበልሁት።

ከየት ተማርሁት? ከቤቴ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ላይ ወንድሜ ከሰው ሠርግ ላይ በጸጉሬ ጎትቶ ነው ያወጣኝ። ሠርገኛው ሁሉ መንገድ ለቀቀለት። አንዲት ሴትዮ ነጠላዬን አንሥታ አቀበለችው፣ ለሱ። ያችን ሴትዮ ሃያ ዓመት ረገምኋት። ቅዳሜ ዕለት እኔ እሷን ሆንሁ።

ባለባጃጁን ደግሞ አስረውታል። ልጅቷን አንሥቶ፣ ደሟ ልብሱን ነክሮት፣ ሆ/ል ያደረሰው እሱ ነው። ግን ሌላ የሚይዙት ሰው የላቸውም። ግብረ አበር ነህ ብለውታል። ሰውየው ባለባጃጁን በሩ ላይ ሲያነጋግር ያየን እኔና ጋሽ ደሴ ነን። ባጃጁን ከመንገድ ጠርቶ እንዳስቆመው፣ እንደማይተዋወቁ፣ ሁለታችን እናውቃለን። ሥ/አስኪያጁ ግን ምንም አላየንም በሉ ብሏል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12። ከቀኑ 9 ሰዓት

ሆ/ል ሄድሁ። ሙዝና አምቦ ውሃ ይዤ። ልነግራት ነበር የሄድሁት።

ስሟ ማኅሌት ነው። የሂሳብ አያያዝ ትማራለች፣ ኮሌጅ፣ ሁለተኛ ዓመት። እግሯ በጀሶ ታስሮ ተሰቅሏል። ጉንጯ ተልጧል። አባቷ አጠገቧ። ቄስ ናቸው፣ ሐይቁ ውስጥ ካሉት ደሴቶች ባንዱ የሚቀድሱ። ሰኞ ጠዋት በጀልባ መጥተው ከዚያ ወዲህ ከወንበሩ አልተነሡም። ጫማቸው ሥር አሁንም የሐይቅ ጭቃ አለ። ቄስ ናቸው ሲባል ዋርዱ ውስጥ ያሉት አስታማሚዎች እንዴት እንደሚያዩዋቸው! የቄስ ልጅ፣ ጭፈራ ቤት። አንዷ ድምጿን ሳትቀንስ ተናገረችው። እሳቸው ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ። ልነሣባት ነበር፣ እኔ ማን ነኝና?

ማን ልበል አሉኝ። ማኅሌት ቀድማ መለሰች። ከትራሱ ላይ ሆና ትክ ብላ እያየችኝ፣ ጫማዬን ያደረገችልኝ እሷ ናት አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም።

ቄሱ ተነሡ። ስድሳ አምስት ዓመት የሚሆናቸው ሰው ለኔ ተነሡ! "ኸዚያ ሁሉ ሰው መኻል አንቺ አንድ ሰው ሁነሽ ተገኘሽ፣ ልጄ" አሉኝ። መስቀላቸውን ከብብታቸው አውጥተው ዘረጉልኝ። ማንም ሰው መስቀል ሲዘረጋለት ይሳለማል። ፍቱኝ አባቴ ይላል። ይፍታህ ይሉታል። እኔ ከንፈሬ መስቀሉ ጋ ሊደርስ አንድ ጣት ሲቀረው ቀና አልሁ። ጉንፋን ይዞኛል አልሁ። ጉንፋን! ሙዙን አስቀምጬ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን በጡጫ መታሁ። አንጓዬ አብጧል፣ ይበለው።

ፈሪ። ፈሪ። ፈሪ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13። ከጠዋቱ 5 ሰዓት

እንቅልፍ የለም። ዛሬ 9 ሰዓት ሥራ አለ። አልቀርም። በሩን ለሌላ ሰው አልለቅም።

የታናሽ እህቴ ሠርግ ጊዜ የተረፈ ጥብጣብ ነበረኝ። ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ወይን ጠጅ፣ ነጭ። በመቀስ ቆራርጬ ቦርሳዬ ከተትሁት። አብረው የመጡ ሴቶች አንድ ቀለም ክንዳቸው ላይ አስራለሁ። ቀይ ሦስት ሆኖ ከገባ ቀይ ሦስት ሆኖ ይወጣል። ብቻዋን የመጣችው ከኔ ጋ ነጭ ታስራለች። ነጭ የኔ ናት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14። ከጠዋቱ 3 ሰዓት

ሠራ! መጀመሪያ ሳቁብኝ። ይኼ ምንድን ነው፣ የጥምቀት ፌስታ ነው አሉ። 11 ሰዓት ሲሆን ግን ራሳቸው ቀዩ ለኛ ይገባል ብለው ይጣላሉ። አንዲት ቢጫ ከመጸዳጃ ቤት አልመለስ ብላ ሌሎቹ ቢጫዎች ሄደው በሩን ደበደቡ። አስታውካ ወለሉ ላይ ተኝታ አገኟት። ውሃ አጠጥተው፣ በጎኗ አስተኝተው፣ ጸጉሯን ይዘውላት ተቀመጡ። እኔ አላዘዝኋቸውም። ሲዘጋ ተደጋግፈው ወጡ። ደስ አለኝ። ከቅዳሜ ወዲህ የመጀመሪያዬ።

አንዱ ደግሞ የምር ወንድም ነበር፣ እህቱን ሊወስድ የመጣ። ልጅቷ አረቄ ጠጥታ ትስቃለች እንጂ አትናገርም። እናታችሁ ጋ ደውል አልሁት። ስልኬ ካርድ የለውም አለ። በኔ ስልክ ደውል። ደወለ፣ አታነሣም። በል ቁም! ሩብ ሰዓት አቆምሁት። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። እናትየዋ በመጨረሻ ራሷ ደወለች፣ ልጆቼን ማን አገተብኝ ብላ የስድብ ዓይነት አወረደችብኝ። እኔ ነኝ እናቴ፣ ዝናሽ እባላለሁ፣ አሁን ለቅቄያቸዋለሁ አልሁ። ልጁ ሲወጣ አንቺ ሴትዮ በሽተኛ ነሽ አለኝ። አዎ አልሁት። ሌላ ቀን ተዘጋጅተህ ና።

ከዚያ ሥ/አስኪያጁ ቢሮ ጠራኝ። ጥብጣቡን ጠረጴዛው ላይ ጣለው። ደንበኛ ታሸብሪያለሽ፣ ቤቱን ክሊኒክ አስመሰልሽው አለ። ከዚያ ወረቀት ገፋልኝ። ታይፕ የተደረገ። በዕለቱ በሥራ ቦታዬ ላይ የተለየ ነገር አላየሁም። ከሥር ስሜ። ቅዳሜ 9 ሰዓት፣ በር ከመከፈቱ በፊት ፈርመሽ አምጪ። ካልሆነ ጓንትሽን መልሺ። ጓንቶቹ የኔ ናቸው፣ በራሴ ነው የገዛኋቸው። ይህንን እንኳ አያውቅም።

ጋሽ ደሴ ፈርመዋል። ውጭ ቆመው ጠበቁኝ። ዓይኔን አያዩም። "ዕድሜዬን ሙሉ ዘብ ነኝ። አንድም ቀን አላየሁም ብዬ አላውቅም ነበር" አሉኝ። ልሰድባቸው ያዘጋጀሁትን ሁሉ ተውሁት። አራት የልጅ ልጅ በሳቸው ትከሻ ላይ ነው። የሚያናድደኝ ይኼ ነው፣ እንደ ልብ የምናደድበት ሰው እንኳ አሳጡኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14። ማታ

ወረቀቱ ከፊቴ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር። የተለየ ነገር አላየሁም።

እውነት እኮ ነው! የተለየ ነገር አላየሁም። ወንድ ሴት ሲመታ አየሁ። ሰው መንገድ ሲለቅ አየሁ። በየቀኑ የማየው ነው። ስለዚህ ልፈርም?

ልፈርም ብዬ እስክሪብቶ አነሣሁ። እውነቱን ላንቺ ካልጻፍሁ ለማን እጽፋለሁ፣ ዝ ብዬ ጀምሬ ነበር። ሥራ ካጣሁ ኪራዩስ? ከዚያ ባለባጃጁ ትዝ አለኝ። ዛሬ አምስተኛ ሌሊቱ ነው። ቅዳሜ ዕለት ልጅቷ ስትጮህ ሰምቶ ያቆመ እሱ ብቻ ነው። ሃምሳ ሰዎች በር ላይ ቆመን ያልሰማነውን እሱ ሞተር እያንጫጫ ሰማ። የሰማው ታሰረ። ያልሰማነው ቤታችን ተኝተናል።

ዝ የሚለውን ፊደል አጥፍቼዋለሁ። እስክሪብቶው ወረቀቱን ቀደደው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15። ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል

ከሆ/ሉ ግቢ ዛፍ ሥር ነው የምጽፍልሽ። ጉልበቴ ላይ አድርጌሻለሁ፣ ፊደሌ ቢያስቀይም ቻዪው።

ገባሁ። ቄሱ ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። ገና ሳልቀመጥ መስቀላቸውን ሊያወጡ እጃቸውን ወደ ብብታቸው ሰደዱ። ይቆዩ አባቴ፣ አያውጡት አልሁ። ቆሜ ነገርኋቸው። ጫማዋን ያደረግሁላት እኔ ነኝ፣ ለሰውየው የሰጠኋትም እኔ ነኝ። አልለቅ ስትለኝ ጣቶቿን ያላቀቅሁም እኔ ነኝ። ስለመታት ወንድሟ መሰለኝ። ይኼው ነው። ምክንያት አልጨመርሁም። አላለቀስሁም፣ ለማልቀስ መብት የለኝም።

ከጎን ያለው አልጋ አስታማሚ ማንኪያዋን አቁማ ታዳምጣለች። ከዚያ፣ "ለኔ መናገርማ ቀላል ነው፣ ቄስ ነኝ። ለሷ ንገሪያት" አሉኝ። ወንበራቸውን ለቀቁልኝ።

ዞር አልሁ። ማኅሌት ነቅታ ነበር። አፌን ሳልከፍት አውቃለሁ አለች።

ሁሉንም ታውቃለች። ከመጀመሪያው ጀምሮ። ጥፊውን፣ እጅጌዬን፣ እናትሽ እየጠበቀችሽ ነው ያልኋትን። እናቴ አልታመመችም ልልሽ ነበር፣ ምላሴ አልሄድልኝ አለ፣ በጄ ብቻ ነበር የምናገረው አለች። በጇ! እኔ ያንን እጅ ነው አንድ በአንድ የፈለቀቅሁት። ረቡዕ ዕለት ለምን ለአባትሽ አልነገርሽም አልኋት። "አንቺ ራስሽ ትናገሪ እንደሁ ልይሽ ብዬ ነው" አለች። "ባትመለሺ ኖሮ ዕድሜ ልኬን እጠላሽ ነበር። አሁንም ገና አልተውሁትም።"

ይቅርታ አላለችኝም። እኔም አልጠየቅሁም። እግሬን እከኪኝ አለች፣ ከጀሶው ሥር በላኝ። ማበጠሪያዬን አውጥቼ በጀርባው ቀስ ብዬ አከክሁላት። ዓይኗን ጨፈነች። ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አላውቅም።

9 ሰዓት እየደረሰ ነው። ሥ/አስኪያጁ ሁለት ጊዜ ደውሏል። አላነሣሁም። ቄሱ ጋቢያቸውን አስተካክለው ከበሩ ቆመዋል። ፖ/ጣቢያ አብሬሽ እሄዳለሁ ብለዋል። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15። ማታ

መርማሪው ወጣት ነው። በትዕግሥት ወረቀት አሰናዳ። ምስክር ነኝ፣ የቅዳሜውን ሰውዬ አይቼዋለሁ አልሁ። ጠባሳው በየትኛው ቅንድቡ እንደሆነ፣ ምን እንደለበሰ፣ ባጃጁን እንዴት ከመንገድ እንዳስቆመ፣ ለባለባጃጁ እንግዳ እንደነበረ፣ ሁሉንም ላወርደው ተዘጋጅቻለሁ። እሱ ግን መጀመሪያ መታወቂያዬን ጠየቀ። ስሟን ታውቂዋለሽ? የአባቷን ስም? የት ነው የምትኖረው? አንድ በአንድ ጠየቀ፣ መልሱን አንድ በአንድ ጻፈ። ደቂቃ አልፈጀበትም። ይኼን ያህል ቀላል ነው፣ ደብተሬ። ይኼን ያህል አጭር! ቅዳሜ ዕለት በሩ ላይ ይቺ አንዲት ደቂቃ አልነበረኝም።

ቄሱ ከኋላዬ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ይሰማሉ። መርማሪው ቀና ብሎ አየኝ። ምኗ ነሽ አለኝ፣ እዚህ ጋ ዝምድና የሚል ቦታ አለ።

ምኗም አይደለሁም። ለሰውየው አሳልፌ የሰጠኋት እኔ ነኝ። እሱን ጻፍ አልሁት።